የወለል ታይል በጀት፦ የሚነጻጸረው የካርቶኑ ዋጋ ሳይሆን ተነጥፎ ያለቀው ካሬ ነው

ሁለት ታይሎች ጎን ለጎን ቆመው በአንዱ ላይ በካሬ 100፣ በሌላው ላይ 130 ተለጥፎ ሲታይ ልዩነቱ 30 ይመስላል። ግን ታይል ብቻውን ወለል አይሆንም። ከሥሩ ማስተካከያና ማጣበቂያ፣ በታይሎቹ መሃል ክፍተቱን የሚሞላ ግራውት፣ በግድግዳው ግርጌ ዞኮሎ፣ ከሁሉም በላይ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። እነዚህ ደግሞ እንደ ታይሉ ዓይነትና ስፋት ይለዋወጣሉ። ስለዚህ በእድሳት ጊዜ መነጻጸር ያለበት ቁጥር አንድ ነው፤ ተነጥፎ፣ ግራውቱ ገብቶ፣ ለእግር የደረሰ አንድ ካሬ ስንት ይፈጃል?

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ በየቦታቸው ራስዎ የጠየቁትን ዋጋ ይተኩ። አንደኛው አማራጭ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሴራሚክ ነው። ታይሉ 100፣ 10 በመቶ ብክነት ሲጨመርበት 110፤ ማጣበቂያ 30፣ ግራውት 3፣ የእጅ 60፤ ድምሩ 203። ሁለተኛው 60 በ120 ፖርስሊን፣ ማለትም ውሃ የማይመጥ ጥቅጥቅ ያለ ታይል ነው። ታይሉ 130፣ 12 በመቶ ብክነት ሲጨመርበት 146 ገደማ፤ ወለል ማስተካከያ 40፣ ማጣበቂያ 60፣ ታይሉን እኩል የሚይዙ ክሊፖች 6፣ ግራውት 2፣ የእጅ 100፤ ድምሩ 354። ካርቶኑ ላይ 30 በመቶ የነበረው ልዩነት ወለሉ ላይ ሲደርስ 74 በመቶ ሆነ። ከታይሉ ይልቅ በጀቱን የነፋው ትልቁ ታይል የሚጠይቀው ዝግጅት ነው።

አሮጌው ላይ መደረብ ወይስ ማፍረስ

ታይል ከመምረጥዎ በፊት ያለውን ወለል ይመርምሩ፤ የበጀቱ ትልቁ ውሳኔ እዚህ ነው። በመዶሻ እጀታ እያንዳንዱን ታይል መሃሉንና አራቱን ማዕዘን ያንኳኩ። ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ጋር ተያይዟል ማለት ነው። ባዶ ዕቃ የተመታ ያህል ከጮኸ ለቋል፤ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ሲጨርሱ ቆም ብለው ምልክቶቹን ከላይ ይመልከቱ። እዚህም እዚያም የተበተኑ ጥቂት ከሆኑ እነሱን ብቻ ነቅሎ ጉድጓዱን ሞልቶ መደረብ ይቻላል። አንድ አካባቢ ላይ ከተሰበሰቡ ግን ሥሩ እየለቀቀ ነውና የሚደረብበት አዲስ ታይል አብሮት ይነሳል። እርጥበት ከታች የሚመጣበት ወለል ወይም ስንጥቅ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሄደበት ወለልም አይደረብበትም። ስንጥቁ መንስኤው ካልታወቀ በአዲሱ ታይል ላይ ደግሞ ይወጣል።

መደረብ ሲመረጥ የሚረሳው ከፍታ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ታይልና 5 ሚሊ ሜትር ማጣበቂያ ወለሉን 15 ሚሊ ሜትር ያነሱታል። በር ሁሉ ከሥሩ ይላጫል፣ የብረት በር ከሆነ ደግሞ ይቆረጣል። የመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ማስገቢያ ይነሳል፣ ሽንት ቤት መቀመጫው ተነቅሎ ይመለሳል። ደረጃ ካለ የመጀመሪያው እርከን ከሌሎቹ ያጥራል፤ እግር የለመደውን ከፍታ ስለሚጠብቅ ያሰናክላል። እነዚህን አንድ በአንድ ቆጥረው ዋጋ ያውጡላቸው። የድርብርቡ ክብደትም በካሬ 30 ኪሎ ገደማ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ፖርስሊን ብቻውን ወደ 23 ኪሎ ይመዝናል። ከመሬት በላይ ባለ ፎቅ ላይ ወለሉ አስቀድሞ የሰመጠ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መሐንዲስ ሳያይ አይጨመርበት።

ማፍረስ በበኩሉ ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል፤ ቃል በቃል። ታይሉና ከሥሩ ያለው 4 ሳንቲ ሜትር የአሸዋና ሲሚንቶ ንጣፍ በካሬ 100 ኪሎ ያህል ፍርስራሽ ይወጣዋል። 20 ካሬ ሳሎን 2 ቶን ነው፤ በ40 ኪሎ ጆንያ ቢሞላ 50 ጆንያ። በደረጃ የሚወርድ ከሆነ የተሸካሚው ዋጋ ከቆርቋሪው ሊበልጥ ይችላል። ሲቆረቆር ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ወለሉ ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። በደረቅ ሲቆረጥ የሚነሳው ብናኝ ሲሊካ ስላለበት ሳንባ ይጎዳል፤ ውሃ እየረጩ፣ ደህና ማስክ አድርጎ መሥራት ግዴታ ነው። ከታይሉ ሥር ጥቁር ማጣበቂያ ያለው አሮጌ የፕላስቲክ ንጣፍ ከተገኘ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር አይፋቅም፣ አይፈጭም።

የታይሉ አልጋ፦ አሸዋና ሲሚንቶ ወይስ ማጣበቂያ

ብዙ ወለል የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

በቆየው ዘዴ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የአሸዋና ሲሚንቶ ድብልቅ ተዘርግቶ፣ በላዩ ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ፈስሶ፣ ውሃ ውስጥ የተነከረ ታይል ይቀመጥበታል። ዘዴው ያልተስተካከለ ወለልን በአንድ ሥራ ያስተካክላል፣ ዕቃውም ርካሽ ነው። የሚሠራው ግን ታይሉ ውሃ የሚመጥ ሲሆን ነው። ሴራሚክ ጀርባው ቀዳዳ ስላለው የሲሚንቶውን ውሃ ስቦ ያስገባል፤ ሲሚንቶው እዚያ ውስጥ ሲጠነክር እንደ ሥር ይይዛል። የፖርስሊን የውሃ መምጠጥ መጠን 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። ውሃ ውስጥ ቢያድርም ምንም ያህል አይጠጣም፤ የሲሚንቶው ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። በዚህ ዘዴ የተነጠፈ ፖርስሊን በመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ይመስላል፤ ከዚያ ሲረገጥ ቧ ማለት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ግራውቱ በዙሪያው ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ሙሉ ታይል ሳይሰበር ተነስቶ ይመጣል። ጀርባው ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ፖርስሊን የመረጠ ሰው በሲሚንቶ ውሃ ማስነጠፍን ከአማራጮቹ ያውጣው። ፖሊመር ያለው፣ ከረጢቱ ላይ ሲ2 (C2) የሚል ደረጃ የተጻፈበት ማጣበቂያ ያስፈልገዋል። ሲ1 ለተራ ሴራሚክ በደረቅ ክፍል ውስጥ ይበቃል። ኤስ1 (S1) የሚል ከተጨመረ ማጣበቂያው በመጠኑ የመለጠጥ አቅም አለው ማለት ነው፤ ለትላልቅ ታይሎች፣ ለበረንዳና ከሥሩ ማሞቂያ ላለው ወለል ይመረጣል።

የማጣበቂያውን መጠን የሚወስነው እሱን የሚዘረጋው የጥርሳሙ ማንኪያ ጥርስ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ በካሬ 3 ኪሎ ገደማ ይፈጃል፤ ለ30 በ30 ታይል ይሆናል። 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ለ60 በ60 ሲሆን 5 ኪሎ ገደማ ይፈጃል፤ አንድ የ25 ኪሎ ከረጢት 5 ካሬ ያነጥፋል። ለ60 በ120 ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ጥርስ ሆኖ የታይሉም ጀርባ በስሱ ስለሚቀባ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ይሄዳል። «ለ20 ካሬ 2 ከረጢት ይበቃል» የሚል ባለሙያ ከገጠመዎት በካሬ ሁለት ኪሎ ተኩል ሊጠቀም ነው፤ ያ ደግሞ የሚቻለው ማጣበቂያውን ሳይዘረጋ እየጠቆጠቀ ካስቀመጠ ብቻ ነው።

ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ከመጀመሪያዎቹ ታይሎች አንዱን እንደተቀመጠ አንስቶ ጀርባውን ማየት ነው። ጀርባው ከዳር እስከ ዳር በግራጫ ማጣበቂያ ከተሸፈነ ጥሩ ነው። በደረቅ ክፍል ቢያንስ 80 በመቶ፣ በመታጠቢያ ቤትና በደጅ 95 በመቶ መሸፈን አለበት። ማጣበቂያው እንደ እርሻ ትልም መስመር መስመሩን እንደያዘ ከታየ ታይሉ አልተጫነም ወይም ማጣበቂያው አስቀድሞ ቆዳ አውጥቷል። አራት በማዕዘን፣ አንድ በመሃል፣ አምስት ክብ ማህተም ካዩ ሥራውን ወዲያው ያስቁሙ። በማህተሞቹ መሃል ያለው አየር ነው። የአልጋ እግር ወይም የወደቀ ድስት አንዷን ባዶ ቦታ ሲያገኛት ታይሉ እዚያው ይሰነጠቃል።

ማጣበቂያ ቀጭን ስለሆነ ግን ጎርባጣ ወለል አያስተካክልም። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ወለሉ ላይ አጋድመው ከሥሩ ያለውን ክፍተት ይለኩ። አንዱ ጎኑ ከ38 ሳንቲ ሜትር ለሚበልጥ ታይል ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ለትንንሾቹ 6 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት አማራጭ አለ። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ፈሳሽ ማስተካከያ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት በካሬ 1.7 ኪሎ ገደማ ይፈጃል፤ 20 ካሬ በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር ቢሞላ 170 ኪሎ፣ ማለትም 7 ከረጢት። ዝቅታው ከ3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ የአሸዋና ሲሚንቶ ስክሪድ ይሻላል። 20 ካሬ በ4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 0.8 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲረገጥ ስለሚቀንስ 30 በመቶ ይጨመርበታል። አንድ ለአራት ሲደባለቅ 3 ኩንታል፣ ማለትም 6 የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶና 0.83 ሜትር ኩብ አሸዋ ይወጣዋል። ዋጋው ያንሳል፤ ጊዜው ግን ረጅም ነው። ስክሪድ በደንብ ደርቆ ማጥበቡን እስኪጨርስ 28 ቀን ይጠበቃል። በእነዚያ ቀናት የሚያድሩበት ሌላ ቤት ኪራይ የሚያስወጣዎት ከሆነ ፈሳሹ ማስተካከያ ረክሶ ሊገኝ ይችላል።

የቱን ዓይነት

በገበያ ቋንቋ ሁሉም «ሴራሚክ» ይባላል። የሚለያዩት በሚመጡት ውሃ ነው፤ ሻጩ ሲጠራጠር እርስዎ መፈተን ይችላሉ። ታይሉን ገልብጠው ጀርባው ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ያድርጉ። በደቂቃ ውስጥ ጠጥቶ እርጥብ ነጥብ ከተወ ሴራሚክ ነው። ጠብታው እንደተንከባለለ ከቆየ ፖርስሊን ነው። ከዚያ ተመሳሳይ ሁለት ታይሎችን ፊት ለፊት አጣብቀው በዳራቸው በኩል ወደ ብርሃን ይመልከቱ፤ መሃላቸው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም ሲጫኑት የሚወዛወዝ ከሆነ ጠማማ ናቸው። ጠማማ ታይል በምንም ባለሙያ እጅ እኩል አይሆንም።

ለመኝታ ክፍልና ለሳሎን ደህና ሴራሚክ ሙሉ በሙሉ ይበቃል፤ እዚያ ለፖርስሊን የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ በአብዛኛው ለውበት ነው። ማየት ያለብዎት የላይኛው መስታወታማ ልባስ የመፋቅ ደረጃ ነው። ፒኢአይ (PEI) በሚባለው ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ ለውስጥ ክፍሎች 3፣ ከደጅ አሸዋ ይዞ ለሚገባበት መግቢያና ለኩሽና 4 ይምረጡ። 0 እና 1 የግድግዳ ናቸው። በቅናሽ የሚሸጥ «የወለል» ታይል ሲያገኙ መጀመሪያ ይህችን ቁጥር ይፈልጉ።

ለበረንዳ፣ ለደጅ፣ ለመኪና ማቆሚያና ውርጭ ለሚጥልበት ቦታ ፖርስሊን ነው። ሴራሚክ የጠጣው ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ልባሱን ይልጠዋል። ኩሽና በሁለቱ መካከል ነው፤ ዕቃ ሲወድቅ ፖርስሊን ጠርዙ ቢሸረፍም ውስጡና ላዩ ተቀራራቢ ቀለም ካለው ብዙም አይታይም። ቀይ ወይም ነጭ ገላ ያለው ሴራሚክ ግን ቁስሉን ያሳያል።

የሚያብለጨልጭ ፖርስሊን ብዙ ሰው ይመርጣል፤ እኛ ለኩሽናም ለመታጠቢያ ቤትም አንመክረውም። ደረቅ ሲሆን ችግር የለውም፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ በጫማ የገባ አሸዋ ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ መተላለፊያው ላይ ድብዝዝ ያለ መንገድ ይሠራበታል። የመንሸራተት ደረጃው በአር ፊደል ከ9 እስከ 13 ይጻፋል፤ ለደረቅ ክፍል አር9፣ ለኩሽናና መታጠቢያ አር10፣ ለዝናብ ለተጋለጠ በረንዳ አር11። ከዚያ በላይ ሲሄድ ላዩ ሸካራ ስለሚሆን መወልወያው ያዝበታል።

እብነ በረድ ሌላ ሒሳብ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ በካሬ 54 ኪሎ ይመዝናል። ሎሚ፣ ኮምጣጤና አሲድ ያለው ማጽጃ ላዩን ይበላዋል፤ የሚቀረው ነጠብጣብ እድፍ ሳይሆን የተቃጠለ ድንጋይ ስለሆነ በማሸት አይለቅም። ነጭ እብነ በረድ በግራጫ ማጣበቂያ ከተነጠፈ ግራጫው ከሥር ይታያል፤ ነጭ ማጣበቂያ ይግዙለት። የውሃና ዘይት መከላከያ ቅባትም በየጊዜው ይቀባል። በምላሹ ታይል የማይሰጠውን ይሰጣል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ተሞርዶ እንደ አዲስ ይሆናል። የድንጋይ ፍርፋሪ በሲሚንቶ ተይዞ የሚሠራው ቴራዞም እንዲሁ ይሞረዳል፤ ለአሲድ ያለው ድክመትም ያው ነው።

ስፋቱና ክፍሉ ሲገናኙ

«10 በመቶ ጨምር» የሚባለው ምክር ለመጀመሪያ ግምት ይሆናል፤ ለግዢ ግን አይሆንም። አንድ ክፍል እንውሰድ፤ 3.70 በ4.80 ሜትር፣ 17.76 ካሬ። ፉጋው፣ ማለትም በታይሎቹ መሃል ያለው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር፣ በግድግዳው ዙሪያ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል።

በ60 በ60 ታይል ከአንዱ ግድግዳ ከጀመርን በወርዱ 6 ሙሉ ታይል ገብቶ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይተርፋል። በርዝመቱ 8 መስመር ስለሚሆን 48 ሙሉ ታይልና 8 ቀጫጭን ቁራጮች ያስፈልጋሉ፤ ቁራጮቹ ከ2 ታይል ይወጣሉ። ድምሩ 50፤ ብክነቱ 1.4 በመቶ ብቻ። ግን ያቺ 7 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ በአንድ ግድግዳ በኩል እንደ መቀነት ትታያለች፤ ስትቆረጥም ትሰበራለች። ጥሩ ባለሙያ መሃሉን ይዞ ይጀምራል፤ 5 ሙሉ ታይል በመሃል፣ በሁለቱም ዳር 33 ሳንቲ ሜትር ተኩል። ያምራል። ሆኖም ከእያንዳንዱ የዳር ታይል የሚተርፈው 26 ሳንቲ ሜትር ለሌላ ቦታ ስለማይሆን ድምሩ 56 ይደርሳል፤ ብክነቱ 13.5 በመቶ ሆነ። አንድ ዓይነት ታይል፣ አንድ ክፍል፣ የ6 ታይል ልዩነት።

ያንኑ ክፍል በ80 በ80 ብናየው በወርዱ 4 ሙሉና 48 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁራጭ ይሆናል፤ ቁራጩ ሰፊ ስለሆነ ለዓይን አይከፋም። 6 መስመር በ5 ሲባዛ 30 ታይል፣ 19.2 ካሬ፣ ብክነት 8 በመቶ። በ30 በ60 ደግሞ መሃሉ ተይዞ 104 ታይል፣ 18.72 ካሬ፣ 5.4 በመቶ። ለዚህ ክፍል እንግዲህ በካሬ ትንሽ የሚወደደው 80 በ80 ከ60 በ60 ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ሌላ ክፍል ሌላ ውጤት ይሰጣል፤ አምስት ደቂቃ በካሬ ወረቀት ላይ መሳል የብዙ ካርቶን ዋጋ ያድናል።

በሰያፍ ሲነጠፍ 15 በመቶ፣ በዓሣ አጥንት ቅርጽ እስከ 20 በመቶ ብክነት ያስቡ፤ የእጅ ዋጋውም ከፍ ይላል። ረጃጅም ታይሎችን እንደ ጡብ ግማሽ በግማሽ ማፈራረቅ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ረጅም ታይል መሃሉ ላይ በጥቂቱ ያበጠ ነው፤ የአንዱ ዳር ከሌላው መሃል ጋር ሲገናኝ ጥፍር የሚያስይዝ ከንፈር ይፈጠራል። ከርዝመቱ ሲሶ በላይ አይፈራረቅ። ለሻወር ወለል በተቃራኒው ትንሽ ታይል ይሻላል። ወለሉ ወደ ፍሳሹ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ ስላለበት ትልቅ ታይል ካልተቆራረጠ አይታጠፍም፤ የፉጋው ብዛትም እግር ይይዛል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ

60 በ60 ብዙውን ጊዜ 4 ታይል በካርቶን፣ 1.44 ካሬ ሆኖ ይመጣል። ከላይ የተሰላው 56 ታይል በትክክል 14 ካርቶን ነው፤ ለመጠባበቂያ አንድ ጨምረው 15 ይግዙ። ካርቶን ስለማይከፈል ስሌቱን ሁልጊዜ በካርቶን ያጠጋጉ።

ከዋጋው ቀጥሎ ማየት ያለብዎት ሁለት ምልክት ነው፤ የቀለም ቶን እና ካሊበር። ቶኑ አንድ ጊዜ ከምድጃ የወጣውን ቀለም ይለያል፤ ካሊበሩ ትክክለኛ ልኩን። ሁለቱም በሁሉም ካርቶን ላይ አንድ መሆን አለባቸው። ካሊበሩ ከተለያየ 60 በ60 የተባሉት ታይሎች በሚሊ ሜትር ይበላለጣሉ፤ ፉጋው መጀመሪያ 3 የነበረው ሦስተኛው መስመር ላይ 5 ይሆናል። «ለጊዜው 10 ካርቶን እንውሰድ፣ ሲያልቅ እንመለሳለን» የሚባለው ቁጠባ እዚህ ይከስራል፤ ሲመለሱ ያው ቶን ላይኖር ይችላል።

ጠርዙ በማሽን የተሞረደ፣ ሬክቲፋይድ የሚባለው ታይል በካሬ ይወደዳል፤ ግን ፉጋውን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ማድረግ ያስችላል። ያልተሞረደው ከ3 እስከ 5 ይፈልጋል። ፉጋ የሌለው፣ ታይል ከታይል የተጋጠመ ወለል ግን በሁለቱም አይሠራም። ሙቀት ሲያሰፋቸው የሚሄዱበት ስለሚያጡ ጠርዝ ለጠርዝ ተገፋፍተው እንደ ድንኳን ይነሳሉ። በግድግዳው ዙሪያ የሚተወው ክፍተትም ለዚሁ ነው፤ በግራውት አይሞላም፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ከ6 እስከ 7 ሜትር የሚረዝም ክፍል መሃል ላይ አንድ መስመር በሲሊኮን ይሞላል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ወለል ከዚያም ባጠረ ርቀት።

ግራውትና ዞኮሎ

ግራውት በጀቱ ውስጥ ትንሹ ነው፤ ስለዚህ እዚህ አይሰስቱ። በካሬ የሚፈጀው ኪሎ የሚሰላው የታይሉ ርዝመትና ወርድ ተደምሮ ለብዜታቸው ይካፈልና በውፍረቱ፣ በፉጋው ስፋት፣ ከዚያ በ1.6 ተባዝቶ ነው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። 60 በ60፣ 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 3 ሚሊ ሜትር ፉጋ 0.14 ኪሎ ይሰጣል። 5 በ5 ሞዛይክ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ግን 0.96 ኪሎ ይፈጃል፤ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ኢፖክሲ ግራውት ውድ ነው፣ ለመሥራትም ያስቸግራል፤ ዘይት ለሚፈስበት የኩሽና ወለልና ለሻወር ያዋጣል፣ ለመኝታ ክፍል ግን ትርፍ ወጪ ነው። የሲሚንቶ ግራውት ሲነጣና ሲረግፍ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዕቃው ሳይሆን የውሃው ነው፤ እንዲቀል ተብሎ ከልክ በላይ ስለሚጨመርበት። ታይሉ ከተነጠፈ 24 ሰዓት ሳይሞላ ግራውት አይገባም፤ ከባድ ዕቃ ደግሞ ሳምንት ይጠብቅ።

ዞኮሎ በካሬ ሳይሆን በሜትር ነው፤ የክፍሉ ዙሪያ ሲቀነስ የበሮቹ ወርድ። ለምሳሌው ክፍል 17 ሜትር ሲቀነስ 0.90፣ 16.1 ሜትር። ከታይሉ የሚቆረጥ ከሆነ አንድ 60 በ60 ታይል ከ10 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያነሱ 6 ቁራጮች፣ 3.6 ሜትር ይሰጣል፤ ለክፍሉ 5 ታይል ይበቃል። ከዳር የተረፉት የ26 ሳንቲ ሜትር ቁርጥራጮችም ለዚህ ይውላሉ፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ይወጣል። መሃሉን ይዞ መጀመር ያስወጣው ተጨማሪ ታይል በዚህ ይካካሳል ማለት ነው።

የእጅ ዋጋ ሲጠየቅ

ሁለት ባለሙያዎች የተለያየ የካሬ ዋጋ ሲሰጡ መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቁ። ማፍረስ፣ ፍርስራሽ ማውጣት፣ ወለል ማስተካከል፣ የሻወር ውሃ መከላከያ ቅብ፣ ዞኮሎ፣ ግራውት፣ በር መላጨት፣ ደረጃ፤ እያንዳንዱ ተካቷል ወይስ ለብቻው ነው? የቀን ሠራተኛ ክፍያ ለጥገናና ለተቆራረጠች ትንሽ ክፍል ይሻላል፤ በካሬ ሲከፈል እዚያ ያለው ሰው ይቸኩላል። ለሰፊ ባዶ ሳሎን በካሬ ይዋዋሉ። በሁለቱም ከክፍያው የተወሰነውን ግራውቱ ደርቆ፣ ወለሉ ታጥቦ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ታይል በታይል እስኪንኳኳ ድረስ ያቆዩ። ባዶ የሚጮኸው ያን ጊዜ ቢገኝ መቀየሩ የባለሙያው ነው፤ ከከፈሉ በኋላ ቢገኝ የእርስዎ።

በጀቱ ካልበቃ የታይሉን ደረጃ ዝቅ ያድርጉ፣ ስፋቱን ያሳንሱ፣ ሰያፉን ይተዉ፣ መኝታ ክፍሉን ለሚቀጥለው ጊዜ ያቆዩ። ወለል ማስተካከያውን፣ ማጣበቂያውንና የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ መከላከያ ግን አይንኩ፤ ሦስቱም ከታይሉ ሥር ስለሚቀሩ ለማረም ታይሉን ማፍረስ ይጠይቃሉ። ከድምሩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለማይታወቀው ይያዝ፤ አሮጌ ወለል ሲነሳ ከሥሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገኛል።

የተረፉትን ታይሎች በቁማቸው፣ ፊት ለፊት አድርገው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤ በጀርባ ከተደረደሩ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ፊት ይቧጭራል። ቶኑና ካሊበሩ የተጻፈበትን የካርቶን ጎን ቆርጠው፣ የግራውቱን ቀለም ስም በላዩ ጽፈው አብረው ያኑሩት።